መጠን የጎደለው ሙቀት

የተጻፈ ቁጥር ሁለት ጊዜ ሳላየው አላምንም። ይህ ጠባይ ከየት እንደመጣብኝ አውቃለሁ። በልጅነቴ ወደ ባል ቤት ስሄድ «ዓመት ሳይሞላሽ ትምህርት ቤት ትገቢያለሽ» ተብዬ ነው የሄድኩት። አራት ዓመት ቆየሁ፤ የትምህርት ቤቱን ደጃፍ አላየሁም። ተፋትቼ ደብረ ታቦር ተመልሼ አንደኛ ክፍል ስገባ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ አጠገቤ የተቀመጡት ልጆች ወገቤ ላይ አይደርሱም። እነሱ መምህሩ ሰሌዳ ላይ የጻፈውን እንዳለ ሲቀበሉ እኔ እጄን አወጣለሁ። ከዚያ ወዲህ ሰው የነገረኝንም ሆነ ጽፎ የሰጠኝን ገልብጬ ሳላይ አልቀበልም።

ጅራታሙ ኮከብ በታየበት ዓመት በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበርኩ። ቀን መጽሐፍ አውሳለሁ፣ ማታ አሥረኛ ክፍል እማራለሁ። ቅጥሬ በየሦስት ወሩ የሚታደስ ጊዜያዊ ነበር። ሁዳዴ በገባ በሦስተኛው ሳምንት ርዕሰ መምህሩ አስጠሩኝ። ጠና ያሉ፣ ሲናገሩ መነጽራቸውን የሚያወልቁ ሰው ናቸው።

«መጽሐፍ ታነቢያለሽ ይሉኛል» አሉ።

«አዎ፣ አነባለሁ።»

«ታነቢያለሽ ወይስ ገጹን ብቻ ትገልጪያለሽ?»

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ለቤተ መጻሕፍቱ አንድ ቋሚ መደብ መፈቀዱን ነገሩኝ፤ መደቡ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ለጨረሰ ነው፣ ነገር ግን ችሎታ ያለው ሰው ከተገኘ የቅጥር ኮሚቴው ሊያየው ይችላል። የሳይንስ ክበቡ ከፋሲካ በፊት ለእንግዶች ዝግጅት ያሳያል። ከፊዚክስ መምህሩ ጋር አንድ ሠንጠረዥ እሠራለሁ፣ አጠገቡ ቆሜ አስረዳለሁ፣ እሳቸውም ይጠይቁኛል።

«እሱ ሠርቶልሽ አንቺ ብትቆሚ ግን ይታወቃል» አሉ በሩ ላይ ስደርስ።

የፊዚክስ መምህሩ ከእኔ በሁለት ዓመት የሚያንስ፣ ሁልጊዜ የሚቸኩል ሰው ነበር። ተማሪዎቹ ማታ ማታ ፀሐይ እንደጠለቀች በምዕራብ በኩል ስለሚታየው ጅራታም ኮከብ እየጠየቁ መውጫ መግቢያ አሳጥተውታል። ስለዚህ በካርቶን ታሽገው ከመጡት የእንግሊዝኛ መጻሕፍት አንዱን አምጥቶ አንድ ምዕራፍ ከፈተልኝ። የፕላኔቶችን፣ የጨረቃዎችንና የጅራታም ኮከቦችን የላይኛውን አየር እያስተያየ የሚናገር ምዕራፍ ነው። «ይህን ወደ አማርኛ መልሰሽ በሠንጠረዥ አውጪው» አለኝና ሄደ።

መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ ሦስት ቀን አነበብኩት። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። የእኛን አየር ብቻውን ሳስበው ምንም አልነበረም፤ ከሌሎቹ ጎን ሲቀመጥ ግን ጠባይ አወጣ። ጨረቃችን አየር አላት ለማለት ያሳፍራል። የሳተርን ትልቋ ጨረቃ ግን ከእኛ የወፈረ አየር ለብሳለች፤ በጣም ስለቀዘቀዘች ነው ያላመለጣት። ማርስ የነበራትን ቀስ በቀስ ወደ ውጭ እያጣች ነው። ጅራታሙ ኮከብ ደግሞ ላይና ታች የሚባል አየር የለውም። ፀሐይ ስትጠጋው በረዶው ይተናል፣ የተነነው ሁሉ ይሄዳል፣ መልሶ የሚይዘው ክብደት የለውም።

ችግሩ የመጣው ቁጥሮቹ ጋ ስደርስ ነው።

እኔ የጉና ሥር ልጅ ነኝ። ወደ ላይ በወጡ ቁጥር እንደሚበርድ ለመማር ትምህርት ቤት አላስፈለገኝም። ከጉና ትከሻ ላይ ገብስ የሚዘሩ ዘመዶቻችን ኅዳር ላይ ጠዋት ሲነሱ ደጅ ያደረው ውኃ የበረዶ ቆዳ አውጥቶ ያገኙታል። መጽሐፉም መጀመሪያ ይህንኑ ይላል። ከዚያ ግን ከብዙ መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሺህ ዲግሪ የሚጠጋ ይላል። ለፀሐይ ከእኛ ይልቅ የምትቀርበው፣ ገጿ የእርሳስ ብረት የሚያቀልጠው ቬነስ ደግሞ ላይኛው አየሯ በቀን የእብናትን ቆላ ቀትር ያህል ብቻ ነው፣ ሌሊት ከማንኛውም ውርጭ ይብሳል። በመጽሐፉ ሠንጠረዥ ላይ ሁለቱ ረድፎች እንደተቀያየሩ እርግጠኛ ሆንኩ። መጽሐፉን ይዤ መምህሩን ኮሪደር ላይ አገኘሁት።

«መምህር፣ እነዚህ ረድፎች የተቀያየሩ ይመስለኛል።»

«የምን መቀያየር?»

«ለፀሐይ የምትቀርበው ቬነስ ናት። ላይዋ ግን ከእኛ ይቀዘቅዛል ይላል።»

ቆሞ አየው። «አልተቀያየረም። የቬነስ አየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። እላይ ሲሆን ሙቀቱን ወደ ውጭ እየረጨ ይቀዘቅዛል። የእኛ ላይኛው አየር እንደዚያ አይችልበትም፤ የተቀበለው ይከማችበታል።»

«የእኛ ሺህ ዲግሪ መሆኑስ?»

«ነው ካለ ነው። እንዳለ አስቀምጪው። ቃሉን ብቻ ተጠንቀቂ።»

«የቱን ቃል?»

ደወል ተደወለ። ጠመኔውን አንስቶ ወደ ክፍል ገባ።

«ነው ካለ ነው» የሚል መምህር አልወድም። የማያውቅ ሰው አነጋገር ነው። ወይም አውቆ የማይነግር። የትኛው እንደሆነ ሳወጣ ሳወርድ በማግስቱ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ መጽሐፍ ልትመልስ መጣችና ጠረጴዛዬ ላይ ተደገፈች።

«ሠንጠረዡን ከእሱ ጋር ነው የምትሠሪው አሉ?»

«አዎ።»

«ጎበዝ ነሽ። የሚስቱ እኅት ለዚያች መደብ ማመልከቻ ማስገባቷን ሰምተሻል አይደል?»

አልሰማሁም ነበር። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሁሉ ነገር መልኩን ለወጠ። ችኮላው ችኮላ አልመስል አለኝ። መጽሐፉን ለሁለት ቀን ወስዶ ሲመልስልኝ ገጾቹን አንድ በአንድ አገላበጥኩ፤ ከሠንጠረዡ በላይ ባለው አንቀጽ ውስጥ ከአንድ ቃል ሥር በእርሳስ የተሰመረ ቀጭን መስመር አገኘሁ። ቀድሞ አልነበረም። ተማሪ መጽሐፍ ላይ ሲያሰምር የምቀጣ ሰው ነኝ፣ እያንዳንዱን ገጽ አውቀዋለሁ። ምን ሊያደርግ ከፍቶት እንደነበር አሰብኩ። ቁጥር ቀይሮብኝ እንደሆነ ብዬ ከማስታወሻዬ ጋር አመሳከርኩ። አልተቀየረም። ያም አላሳረፈኝም።

ሠንጠረዡን በትልቅ ነጭ ካርቶን ላይ ሠራሁት። ከተማው ውስጥ ካሉት የጽሕፈት መሣሪያ ሱቆች ያን ያህል ትልቅ የተገኘው አንድ ብቻ ነበር፤ ቢበላሽ ምትክ የለውም። ዓምዶቹን በማስመሪያ ለክቼ ከፈልኩ። የመጀመሪያው የአካሉ ስም፣ ቀጥሎ በላይኛው አየሩ ምን እንደሚበዛ፣ ቀጥሎ ዲግሪው፣ መጨረሻ ላይ «ያመልጣል ወይ?» የሚል። ሦስተኛው ዓምድ ጠባብ ወጣ። «የሙቀት መጠን» ብዬ ልጽፍ በእርሳስ ብሞክረው መጨረሻው ፊደል መስመሩን አልፎ ጎረቤቱ ዓምድ ውስጥ ገባ። ፊደል ከመስመር ሲወጣ ማየት አልችልም። አጠፋሁትና «ሙቀት» ብቻ ብዬ በጥቁር ማርከር ጻፍኩ። ልኩን ሞላ። ቆሜ አየሁት፣ አማረልኝ።

ጠቅልዬ ቤት ወሰድኩት። የምኖረው ከአጎቴ ጋር ነው። መሪጌታ ናቸው፤ ከባል ቤት ስመለስ ትምህርት ቤት ከመግባቴ በፊት ንባብ ያስጨበጡኝ እሳቸው ናቸው፤ እንደ ተማሪዎቻቸው እኔም «የኔታ» እላቸዋለሁ። ካርቶኑን የጭቃ መደቡ ላይ ዘርግቼ አራቱን ጠርዝ በድንጋይ ያዝኩላቸው። ጣታቸውን እያስከተሉ እንደ ዳዊት አነበቡት።

«መሬት። ሙቀት፣ ሺህ።» ቀና አሉ። «ይህ የት ነው?»

«ከላይ ያለው አየር ነው የኔታ።»

«ከጉና በላይ?»

«ከጉና በጣም በላይ።»

«ታዲያ በረዶው ከየት ነው የሚመጣልን? እሳቱን አቋርጦ?»

«በረዶው ከታች ነው የሚሠራው፤ ይህ ከዚያ ያልፋል።»

«ማን ወጥቶ ለካው?»

«መንኮራኩር ይልካሉ። አየሩ ሲያዘገየው አይተው ያሰላሉ።»

«እኔ ከጠፈር በላይ ውኃ ተሰቅሏል ብዬ አስተማርኩሽ። አንቺ ጥደሽ አፈላሽው!» ብለው ሳቁ፤ ከዚያ ሳቃቸውን ቆረጡ። «ልጄ፣ ሲቀልዱብሽ እንዳይሆን። ሺህ ብሎ ነገር ምንድን ነው? አሁን አንዱ ተነሥቶ ቢጠይቅሽ ምን ትመልሻለሽ?»

«መጽሐፉ ነው ያለው እላለሁ።»

«ይህ መልስ ከሆነማ የእኔ ተማሪዎች ሁሉ ሊቅ ናቸው።»

ፀሐይ እንደገባች ደጅ ወጣን። ጅራታሙ ኮከብ ከባሕር ዛፎቹ በላይ ተቀምጧል፤ ጅራቱ ወደ ላይ ሄዷል። ሰፈሩ ጦርነት ነው፣ ድርቅ ነው ሲል ሰንብቷል። አጎቴ ግን ያን አላነሡም።

«ከታየ ጀምሮ አየዋለሁ» አሉ። «ጅራቱ ሁልጊዜ ፀሐይዋ ከገባችበት የሚሸሽ ነው። በሬ ጅራቱን ከኋላው ነው የሚያስከትል፤ ይኸ ግን ወደሄደበት ቢሄድ ጅራቱን ለፀሐይዋ አሳልፎ አይሰጥም።»

አንጀቴ ራሰ። መጽሐፉ ያንኑ ይላል። ከኮከቡ ያመለጠውን እንፋሎትና አቧራ የሚገፋው ፀሐይ ስለሆነ ጅራቱ ከፀሐይ ይሸሻል፤ ኮከቡ ሲመለስ እንዲያውም ጅራቱ ይቀድመዋል። አጎቴ አንድም ገጽ ሳያነቡ በዓይናቸው አገኙት። እንግዲህ ከመጽሐፉ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ አንዱን አረጋገጥኩ። በዚያ ላይ ስለ ጁፒተር የጻፈው ትዝ አለኝ፤ ከፀሐይ ያን ያህል ርቆ ሳለ ላይኛው አየሩ ለምን እንደሚግል ገና አልታወቀም ይላል። የማያውቀውን አላውቅም የሚል መጽሐፍ ደግሞ ለውሸት አይቸኩልም። መጽሐፉ ካልዋሸ የሚቀረው መምህሩ ነው አልኩ። ሌላ ሰው ሊቀር እንደሚችል አላሰብኩም።

በዝግጅቱ ዋዜማ ለካርቶኑ ማቆሚያ ላሠራ ወደ ብየዳ ቤት ሄድኩ። ባለሙያው ብረቱን ቆርጦ ጫፉን በማሽን ሲሞርደው አጠገቡ ቆሜ ስለነበር የእሳት ፍንጣሪው ተወርውሮ ክንዴ ላይ ዘነበ። ጮኼ ወደ ኋላ ዘለልኩ። ማሽኑን አጠፋ።

«ምነው እታለም?»

«አቃጠልከኝ!»

«የቱ ላይ?»

ክንዴን አየሁት። ምንም የለበትም። የነጠላዬ ጫፍ እንኳ አልጠቆረም። ሰውየው ሳቀብኝ።

«እሷ አታቃጥልም። እንዲያው ለመታየት ነው።»

«እሳት አይደለችም እንዴ?»

«እሳትማ ናት። ብረት ቀልቶ የወጣች ናት፣ ከዚህ ሻይ ስንት እጥፍ ትግላለች።» አጠገቡ ያለውን ብርጭቆ አነሣ። «ግን ምን አላት? የአሸዋ ቅንጣት አታክልም። ክንድሽ ላይ ሳትደርስ አለቀላት። ይኸን ብደፋብሽ ግን ሰፈሩን ታሰባስቢያለሽ።»

በቆምኩበት ቀረሁ። የወንዛዬ ፍል ውኃ ትዝ አለኝ። ከፍቺው በኋላ ወገቤን ሲያመኝ አጎቴ እዚያ ወስደውኝ ነበር። ያ ውኃ እንኳን ሊፈላ፣ የሻይ ያህል አይደርስም፤ ገና ብገባበት ግን እንደ በርበሬ ቀልቼ ወጥቻለሁ። ውኃው ብዙ ነው። ፍንጣሪዋ ጥቂት ናት። ሰውየው «ሒሳቡስ?» እስኪለኝ ድረስ ፈዝዤ ነበር።

በማግስቱ በጠዋት መጽሐፉን ከፈትኩ። በእርሳስ ከተሰመረበት ቃል ጀመርኩ። እንግሊዝኛው ሁለት ቃል አለው። አንዱ የአየሩ ቅንጣቶች ምን ያህል በፍጥነት እንደሚራወጡ የሚለካው ነው፤ ሌላው ተሸክመው የሚሰጡት ሙቀት ራሱ ነው። ያ የተሰመረበት የመጀመሪያው ነበር። አንቀጹም ያንኑ ያስረዳል፦ እላይ ቅንጣቶቹ በኃይል ይራወጣሉ፣ ስለዚህ ዲግሪው ሺህ ይደርሳል፤ ነገር ግን እጅግ ጥቂት ስለሆኑ እዚያ የቆመ ሰው ከእነሱ ሙቀት አያገኝም። መዝገበ ቃላቱ ለአንዱ «የሙቀት መጠን»፣ ለሌላው «ሙቀት» ብሎ ለይቶ ሰጥቶኛል። እኔ ግን ሁለቱን ቃላት በአፋችን ስለምንቀላቅላቸው አንድ ናቸው ብዬ፣ ፊደል ከመስመር እንዳይወጣብኝ ብዬ፣ «መጠን»ን አስቀርቻታለሁ። ስንት ቀን ሙሉ የሰው ተንኮል ስፈልግ ጥፋቱ በራሴ የእጅ ጽሑፍ፣ በትልቅ ጥቁር ፊደል ካርቶኑ ላይ ተቀምጦ ነበር።

ነጭ ወረቀት ለጥፌ ልሸፍነው ቀይ ማርከር ይዤ ወደ አዳራሹ ሮጥኩ። ርዕሰ መምህሩ እንግዶቹን አስከትለው ቀድመውኛል። ካርቶኑ ፊት ቆመው መነጽራቸውን አውልቀዋል። የፊዚክስ መምህሩ በሩ አጠገብ እጁን አጣምሮ ቆሟል።

«ነይ፣ ነይ» አሉ። «አንድ ነገር ንገሪን። ይኸ ሺህ ዲግሪ እውነት ከሆነ ጨረቃ ላይ የሄዱት ሰዎች ሲያልፉ ለምን አመድ አልሆኑም?»

እንግዶቹ ሳቁ። «መጽሐፉ ነው ያለው» የሚለው መልስ አፌ ላይ ነበር። መምህሩን አየሁት፤ አላየኝም።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። «ከሠንጠረዡ አንድ ቃል አስቀርቻለሁ።»

ሳቁ ቆመ። የብራና ጸሐፊ ቃል ሲዘነጋ ብራናውን አይጥልም፤ ከመስመሩ በላይ በትንሽ ፊደል ይጨምረዋል፣ አንባቢም ስሕተቱንና እርማቱን አብሮ ያያል። አጎቴ እንደዚያ ሲያደርጉ አይቻለሁ። ቀዩን ማርከር ከፍቼ «ሙቀት» ከሚለው በፊት «የ»፣ ከበላዩ «መጠን» ብዬ ጻፍኩ። «ን» ተጣመመች፤ እንዳለች ተውኳት። ከዚያ ስለ ፍንጣሪዋና ስለ ወንዛዬ ውኃ ነገርኳቸው። ፍል ውኃውን የሚያውቁ አንዲት እናት «እውነቷን ነው፣ እኔን ቆዳዬን ነው የገፈፈኝ!» አሉ።

ርዕሰ መምህሩ አልሳቁም። «ስሕተቱን ማን ነገረሽ?»

«ማንም» አልኩና መለስኩት፤ ልክ አልነበረም። «መምህሩ ከቃሉ ሥር አስምሮልኝ ነበር።»

«አላየሽውም?»

«አይቼው ነበር። አላመንኩትም።»

«እህ» አሉ፤ ወደሚቀጥለው ሠንጠረዥ አለፉ።

እንግዶቹ ሲወጡ መምህሩ ማቆሚያውን ለማጠፍ ረዳኝ። መጠየቅ ነበረብኝ።

«የሚስትዎ እኅት አመልክታለች?»

«አመልክታለች። ምን ላድርግ፣ አታመልክቺ ልበላት?»

«ታዲያ ቃሉን ለምን በግልጽ አልነገሩኝም?»

«ተጠንቀቂ አልኩሽ፣ አሰመርኩልሽ። ሠርቶላት ነው እንዳይባል ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?» አለና ሰዓቱን አየ።

መልሱ ልክ ነበር። ልክ የሆነ መልስ ሁሉ ደግሞ እውነት እንዳልሆነ አውቃለሁ። እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

ከፋሲካ በኋላ ደብዳቤው ወጣ። ርዕሰ መምህሩ ራሳቸው ሰጡኝ፤ «እንኳን ደስ ያለሽ» አሉኝ። አመስግኜ ቆሜ አነበብኩት። «በቤተ መጻሕፍት ሠራተኛነት ተቀጥረሻል» ይላል። ሁለተኛ ጊዜ አነበብኩት።

«ምነው፣ ቅር አለሽ?»

«አንድ ቃል ጎድሏል።»

ደብዳቤውን ተቀብለው አዩት። ከላይ እስከ ታች «ቋሚ» የሚል የለበትም። ጸሐፊዋ ዘንግታው ይሁን፣ ሌላ ሰው አስዘንግቷት ይሁን፣ ወይም እሳቸው አነብ እንደሆነ ወይስ ገጽ ብቻ እገልጥ እንደሆነ ሊያዩ ፈልገው ይሁን ከፊታቸው ላይ ላነብ ሞከርኩ። መነጽራቸውን አውልቀው እየጠረጉ ነበር፣ ምንም አይነበብም። በመጨረሻ ብዕራቸውን አወጡና ከመስመሩ በላይ በትንሽ ፊደል «በቋሚ» ብለው ጨመሩ።

«አሁንስ?»

«ማኅተም ቢያርፍበት ጥሩ ነበር» አልኩ።

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ከዚያ ማኅተሙ ያለበትን መሳቢያ ሳቡ።